ሰው ሰራሽ አስተውሎትን ከየት ልጀምር ላለችው እህት፤ የሰማያዊው ጠረጴዛ ታሪክ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቱንም አጠፋሁት። ስጽፍ የድሮው ንዴቴ እየተቀሰቀሰ አስቸገረኝ። የዕጽዋት ሳይንስ ተመርቀሻል፣ ፕሮግራም ጽፈሽ አታውቂም፣ ሰው ሰራሽ አስተውሎትን ከመሠረቱ ተምረሽ ለሥራሽ ልታውዪው ትፈልጊያለሽ፣ አንድ ማሠልጠኛም በሦስት ወር ባለሙያ አደርግሻለሁ ብሎ ክፍያ ጠይቆሻል። ይህ የእኔ ታሪክ ነው። እኔም የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ጅማ ዞን ውስጥ ቡና ላይ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ደመወዝሽ እንደ እኔው ከወሩ ሃያኛ ቀን የማያልፍ፣ ቤተሰብሽም «ደግሞ አሁን ምን ልትሆኚ ነው?» የሚል እንደሆነ ቆጥሬ ልመልስልሽ።

1. ለማሠልጠኛው አትክፈይ። እኔ በ2015 ዓ.ም. 12 ሺህ ብር ከፍዬ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በታሪክና በሮቦት ቪዲዮ አለቁ። ያንን ሁለት ሳምንት እኔ እዚሁ በነጻ ልስጥሽ። እ.ኤ.አ. በ1950 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ «ማሽኖች ማሰብ ይችላሉን?» ብሎ ጠየቀ። በ1956 የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ጆን ማካርቲና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ዳርትመዝ ኮሌጅ ተሰብስበው ዘርፉ ዛሬ በምንጠራበት ስም ጀመረ። ከዚያ አንዴ ሲሞቅ አንዴ ሲበርድ ቆይቶ በ2012 አሌክስኔት የተባለ ሞዴል (ከብዙ ምሳሌ ራሱ የሚማር ፕሮግራም) በምስል መለየት ውድድር ተፎካካሪዎቹን በሰፊ ልዩነት ጥሎ አለፈ። በ2017 የጎግል ተመራማሪዎች የዛሬዎቹ የውይይት ፕሮግራሞች የቆሙበትን ትራንስፎርመር የተባለውን አሠራር አወጡ፤ በ2022 መጨረሻ የውይይት ፕሮግራሙ ቻትጂፒቲ ወጣና ጎረቤት ሁሉ ስለ ጉዳዩ ማውራት ጀመረ። ጨረስሽ። የቀረውን መሠረታዊ ትምህርት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ኤለመንትስ ኦፍ ኤአይ በሚለው ኮርሱ በነጻ ይሰጣል፤ እኛም አገር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነጻ ካቀረባቸው ትምህርቶች አንዱ የሰው ሰራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት ነው። ለምስክር ወረቀቱ ፍሬም ከፈለግሽ እርሱን ብቻ ግዢ።

2. ኮምፒውተርም አትግዢ። አሠልጣኛችን «ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ሰው እዚህ ባይቀመጥ ይሻለዋል» ብሎ ስለተናገረ (ብዙ ስሌት ባንዴ የሚሠራውን የኮምፒውተር ክፍል ማለቱ ነው) የወጣልኝን ዕቁብ ጨምሬ በ86 ሺህ ብር ላፕቶፕ ገዛሁ። ባለቤቴ ያንን ዕቁብ ለጣሪያ ቆርቆሮ አስባው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ውኃው የሚያንጠባጥበው ላፕቶፑ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው፤ እርሷም ምንም ሳትናገር ባልዲውን እዚያ ታስቀምጥና ትሄዳለች። ጎግል ኮላብና ካግል የሚባሉ አገልግሎቶች የዚያን ዓይነት ካርድ በኢንተርኔት በነጻ እንደሚያስጠቅሙ ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። ጥናትሽ በማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይሠራል። ሞዴሉ የሚሠለጥነው እዚያ ማዶ ነው፤ ያንቺ ማሽን መስኮት ብቻ ነው።

3. መረጃሽን ራስሽ ሰብስቢ፤ ግን እንደ እኔ አይደለም። እዚህ ላይ ተራ ቁጥሩን ልተወው፤ ምክር መምሰሉ አብቅቶ ታሪክ ሊሆን ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ገበሬው የቡናውን ቅጠል በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ስልኩ የቡና ዝገት (ፈንገስ የሚያመጣው የቅጠል በሽታ) አለበት ወይም የለበትም ብሎ ይነግረዋል። ለዚህ ብዙ ፎቶ ያስፈልጋል። የአሠራሩን ምሥጢር ማንም በቅጡ ስላልነገረኝ እኔ ልንገርሽ። ፎቶ ለኮምፒውተር የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ሞዴሉ እነዚያን ቁጥሮች በሌሎች ብዙ ቁጥሮች እያባዛና እየደመረ አንድ ግምት ያወጣል፤ ግምቱ ከትክክለኛው መልስ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል፤ ከዚያ ውስጥ ያሉት ማባዣዎች ስሕተቱ እንዲቀንስ በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። በመሐል «ቅጠል» የሚባል ነገር የሚያውቅ ማንም የለም። ስሕተቱን የሚቀንስለት ነገር ከተገኘ የትም ይምጣ የት ያንን ይይዛል። ይህን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ እኔን ሰባት ወር ያስከፈለኝ እርሱ ነው።

ፎቶ ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት ለዓመታት የበሽታ ዳሰሳ ፎቶ ወደሚያከማች አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። የመዝገብ ክፍሉ ሰው ቀና ሳይል «ደብዳቤ» አለኝ። ደብዳቤ አመጣሁ። «ቁጥር የለውም» አለ። ቁጥር አስመታሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በሰባተኛው ምልልስ ሌላ ሰው ብቅ ብሎ ጉዳዬን ጠየቀኝና ሳስረዳው ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ «ሮቦት ቡና ይጠጣል እንዴ?» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ ብዬ ወጣሁ፤ እስካሁን የሚያናድደኝ ያ ፈገግታዬ ነው።

በእልህ ራሴ ልሰብስብ አልኩ። ቅዳሜና እሑድ እየወጣሁ ዝገት የያዘውን ቅጠል ቀጥፌ በፌስታል ወደ ቢሮ አመጣለሁ፤ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በአምፖል ብርሃን አነሳለሁ። ጤነኛውን ቅጠል ግን መቅጠፍ አሳዘነኝ። ገበሬው ቆሞ እያየኝ ደኅናውን ቅጠል እንዴት ልበጥስበት? ስለዚህ ጤነኞቹን ከዛፉ ሳይወርዱ በፀሐይ ብርሃን አነሳኋቸው። 640 የታመመ፣ 700 ጤነኛ። ከአምስቱ እጅ አራቱን ለማሠልጠኛ፣ አንዱን እጅ ለመፈተኛ አድርጌ በዘፈቀደ ከፈልኩት። ሞባይልኔት የተባለውን ለስልክ የተሠራ ሞዴል ወስጄ ቀድሞ በሌሎች ምስሎች ከተማረው ላይ አስጀመርኩት፤ ይህ ጥቂት ፎቶ ላለው ሰው ትክክለኛው መንገድ ነው፣ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ውጤቱ 98.5 በመቶ መጣ።

ያን ቀን ለቢሮው ሰው ሁሉ ማኪያቶ ጋበዝኩ። ፌስቡክ ላይም ለጠፍኩት፤ አንድ የማላውቀው ሰው «የአገር ኩራት» ብሎ ጻፈልኝ፤ እኔም አመንኩት።

ከዚያ ጎማ ወረዳ ወደ አንድ አዛውንት ማሳ ሄድኩ። በአፋን ኦሮሞ ስለ ሥራዬ አስረዳኋቸው፣ ስልኬን አወጣሁ፣ ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ቅጠል አነሳሁ። «ጤነኛ፣ 99 በመቶ።» ሌላ ዛፍ። «ጤነኛ።» ሦስተኛ። «ጤነኛ።» አዛውንቱ ዝም ብለው ቅጠሉን ገለበጡት፣ አውራ ጣታቸውን ከሥሩ አሻሹበት፣ ጣታቸውን አሳዩኝ። ብርቱካናማ ዱቄት ጣታቸውን ሞልቶታል። ያ ዱቄት ምን እንደሆነ አንቺም እኔም ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እናውቃለን፤ ዝገቱ ዘሩን የሚያፈራው በቅጠሉ ጀርባ ነው። ትንሽ አሰቡና «ምናልባት ስልክህ ታሞ ይሆናል» አሉኝ። ቡና አፍልተው አጠጥተው ሸኙኝ። ከመሥሪያ ቤቱ ሳቅ ይልቅ ደግነታቸው ነው አንገቴን ያስደፋኝ።

ማታ ቢሮ ተቀምጬ ፕሮግራሙን ስነካካ ስልኩ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አነጣጠረ። ቅጠል የለም። ምንም የለም። «የቡና ዝገት፣ 97 በመቶ።»

ገባሽ? ሰባት ወር ሙሉ ያሠለጠንኩት ሰማያዊ ጠረጴዛ የሚለይ ሞዴል ነበር። በሽታውን ከማጥናት ጠረጴዛውን ማወቅ ይቀለዋል፤ ቀላሉን መረጠ። በመፈተኛው ውስጥ ያሉት የታመሙ ቅጠሎችም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስለተነሱ ፈተናውን በደንብ አለፈ። ያን ሌሊት በንዴት ሳነብ ያደርኩት ነገር ትንሽ አጽናናኝ፤ ብቻዬን አልነበርኩም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የታወቀ ጥናት ፕላንትቪሌጅ በተባለው የ54,306 ፎቶዎች ስብስብ፣ 14 ሰብሎችና 26 በሽታዎች ላይ የሠለጠነ ሞዴል 99.35 በመቶ ድረስ አምጥቷል። በሌላ ሁኔታ የተነሱ ፎቶዎች ሲሰጡት ግን ወደ 31 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ ይህንን ራሳቸው አጥኚዎቹ በግልጽ ጽፈውታል። የስብስቡ ቅጠሎችም እንደ እኔዎቹ ተቀጥፈው፣ አንድ ዓይነት ወለል ላይ ተዘርግተው የተነሱ ናቸው። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ሆን ብለው መጥፎ ፎቶዎች መርጠው ተኩላን ከውሻ የሚለይ ሞዴል ሠሩ፤ የሚለየው ግን ከበስተጀርባ በረዶ መኖር አለመኖሩን ነበር። የእኔ ጠረጴዛ የእነርሱ በረዶ ነው።

ነገሩ በቅጠል ብቻ አያበቃም። አዲስ አበባ የተወለደችው የሰው ሰራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከባልደረባዋ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የትልልቅ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ በነጭ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ እንደማይበልጥ አሳይተዋል። እኔ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ሌሎች በሰው ፊት ላይ ሠርተውታል።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት እንደገና ጀመርኩ። ጎማ፣ ሊሙና ጌራ ውስጥ 19 ማሳዎች ገባሁ። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፤ አንቺም አድርጊው። ከአንድ ዛፍ የታመመውንም ጤነኛውንም እዚያው ባለበት አነሳለሁ፣ የቅጠሉን ፊትም ጀርባም፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ በሦስት የተለያዩ ስልኮች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎቶዎቹን በዘፈቀደ አልከፍልም፤ የምከፍለው በማሳ ነው። አራቱን ማሳዎች ሙሉ በሙሉ ደብቄ ሞዴሉ ሠልጥኖ ካበቃ በኋላ ብቻ እፈትነዋለሁ። የአንድ ዛፍ ሁለት ቅጠሎች አንዱ ማሠልጠኛ አንዱ መፈተኛ ውስጥ ከገቡ ተማሪው ጥያቄውን ከፈተናው በፊት አየው ማለት ነው።

ውጤቱ 83 በመቶ ሆነ። ማኪያቶ አልጋበዝኩም፤ ግን በዚህ 83 እኮራለሁ። ጠቅላላ በመቶኛም ብቻውን አያሳምንሽ። ከመቶ ቅጠል ዘጠናው ጤነኛ ከሆነ፣ ሁሉንም ዓይኑን ጨፍኖ «ጤነኛ» የሚል ፕሮግራም 90 በመቶ ያመጣል፤ አንድም በሽታ ግን አላገኘም። ሁልጊዜ «ከታመሙት ስንቱን አገኘ?» ብለሽ ለብቻው ቁጠሪ።

አንድ ፕሮግራመር ልጅም ከአዲስ አበባ ሊያግዘኝ መጥቶ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፣ አልክድም። ለፎቶዎቹ ስያሜ እንዲሰጥ ብተወው ግን በምግብ እጥረት ቢጫ የሆነውን ቅጠል ሁሉ ዝገት ብሎ መዘገበው፤ 212 ፎቶ እንደገና አረምኩ። ፕሮግራሙን እኔ በአምስት ወር ተምሬዋለሁ፤ እርሱ ቅጠሉን በአምስት ወር አይማረውም። ስለዚህ «ፕሮግራም አላውቅም» ብለሽ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ላይ ያለው ማፈር አልገባኝም። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያዢው፣ ይመጣል።

እንደ ቻትጂፒቲ ስላሉት የውይይት ፕሮግራሞችም ጠይቀሻል፤ አጭር ልሁን። ኮድ ሲበላሽብኝ እጠይቃቸዋለሁ፣ ጥሩ ይረዳሉ። የሚሠሩት ከዚህ በፊት ካነበቡት ተነስተው ቀጥሎ የሚመጣውን የቃል ቁራጭ እየገመቱ ነው። በአማርኛ ያነበቡት ደግሞ ጥቂት ነው፤ ፊደላችንም በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንዱ ሆሄ ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ ነው) ሲይዝ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ቃላችን ብዙ ቦታ ይቆራረጣል። አንዱን ስለ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መጠን በአማርኛ ጠይቄው ያለ አንዳች ማመንታት ከትክክለኛው አሥር እጥፍ ነገረኝ። እኔ ስለማውቀው ሳቅሁ። የማያውቅ ሰው ይረጨዋል።

ማሠልጠኛው የመጨረሻ የምዝገባ ቀን ነው ብሎ እንደሚያጣድፍሽ ጽፈሻል። እኔንም አጣድፎኝ ነበር፤ በሚቀጥለው ወርም «የመጨረሻ» ነበር።

የምትሠሪበትን ሰብል አልነገርሽንም። ጤፍ ከሆነ ብዙ አልጠቅምሽም። ቡና ከሆነ ግን ጻፊልኝና ፎቶ የማነሳበትን ቅጽ እልክልሻለሁ፤ በሽታው ሲበረታ የታመመው ቅጠል እየረገፈ ይሄዳልና ከዘገየሽ የምታነሺው ባዶ ቅርንጫፍ ይሆናል።