መጽሐፉን የሚያስቀረው ፖስታ ቤቱ አይደለም

ከኮምቦልቻ የቀረበው የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይኸው። በጣም የምትወደው ልብ ወለድ አለ። እሷና ጓደኞቿ ስድስት ሲሆኑ ደሴ፣ ወልድያ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ተበታትነዋል። መጽሐፉን በፖስታ እየተቀባበሉ ሊያነቡት አስበዋል። «ያዋጣል ወይ? መንገድ ላይ ቢጠፋስ?» ትላለች። ከሥር ደግሞ ብዙዎቻችሁ «ፖስታ ቤት? በዚህ ዘመን?» ብላችሁ ስቃችኋል።

እኔ ደሴ ነኝ። ከወዳጆቼ ጋር እንዲህ መጽሐፍ ማዞር ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል፤ አሁንም እናዞራለን። ስለዚህ እህቴ አብሽሪ፣ ይሆናል። ብቻ አንቺ የፈራሽው ቦታና ችግሩ ያለበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። ከእኛ ዙር የቀሩት መጻሕፍት የቀሩት ሰው ቤት፣ ኮሞዲኖ ላይ ነው። «ዛሬ ነገ እልከዋለሁ» እየተባለ ዓመት ይሞላል። «መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ የተዋሰውን የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ» የምትለዋን ቀልድ ሁላችንም እናውቃታለን። ስለ ቴምብሩ ከመጨነቅሽ በፊት ስለ ሰዎቹ አስቢ።

እንደ ዕቁብ አድርጊው። ዕቁብ የሚጸናው አባላቱ ስለተዋደዱ ብቻ መች ሆነና! ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቀኑ ይታወቃል። ለመጽሐፉም ዳኛ ይኑረው። ግን ባለመጽሐፏ አንቺ ስለሆንሽ ዳኛዋ ሌላ ትሁን። የራስን መጽሐፍ «የት ደረሰ?» እያሉ መጠየቅ ያሳፍራል፣ ንፉግም ያስመስላል። ሌላ ሰው ሲጠይቅ ግን ሥራው ነው። የእኛ ዳኛ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ይደውላሉ፣ ሰላምታውን በወጉ ያደርሳሉ፣ ከዚያ «ገጽ ስንት ደረስክ?» ይላሉ። ሌላ ነገር የለም። ያንን ጥያቄ ፈርቶ ሌሊቱን ሲያነብ ያደረ ሰው አውቃለሁ።

ለአንድ ሰው ሦስት ሳምንት ስጡ። ወር ከሰጣችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ማንም አይነካውም። ተራውን በዕጣ አታውጡት። ዕጣ አድልዎ የለውም፣ ግን ሰኔን ለመምህር፣ ረመዳንን ለባለትዳሯ ይሰጣል። መምህሩ ሰኔን ሙሉ ወረቀት ሲያርም ነው የሚከርመው፤ እሷም ቀን ጾም፣ ማታ አፍጥር፣ ሌሊት ሱሁር ይዟታል። መቼ እንደሚመቻቸው ቀድመሽ ጠይቂና በዚያ ደልድዪው።

አንድ ሕግ ግን ከሁሉ አስቀድሚ፦ ያልጣመው ሰው ሳይጨርስ የማሳለፍ መብት አለው። ይህን ትንሽ ነገር አድርገሽ እንዳታዪው። በእኔ ልምድ ዙር የሚገድለው ሰነፍ አንባቢ አይደለም። ሰነፍ ሰው ሲደወልለት ይነቃል። አደገኛው መጽሐፉን ያልወደደው፣ ግን «እንዴት የእሷን ምርጥ መጽሐፍ አልወደድኩትም እላለሁ» ብሎ የተጨነቀው ጨዋ ሰው ነው። አያነበውም፣ አያሳልፈውም። ስልክም ማንሳት ይተዋል። በኋላ ሰርግ ላይ ስትገናኙ ይሸሽሻል። ከመነሻው «ሠላሳ ገጽ ሞክሩት፣ እምቢ ካለ አሳልፉት፣ ቅሬታ የለም» ካልሽ ግን ሁሉም ይገላገላል። መጽሐፉን ስለወደድሽው ሌላውም ግድ ይውደደው ማለት የለም። ይቺ ለባለመጽሐፍ ትከብዳለች፤ እኔም አሁን ድረስ ትከብደኛለች።

ሌላው፣ የምትወጂውን መጽሐፍ ላኪ እንጂ የምትወጂውን ቅጂ አትላኪ። አባትሽ ፈርመው የሰጡሽ ከሆነ እሱን ተይውና ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሌላ ፈልጊለት። ይህን ስል ቤት የቀረ ሁሉ ይተርፋል ማለቴም አይደለም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙዎቻችን የያዝነውን ይዘን ወጣን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ተለቀው ስንመለስ መደርደሪያዬ ላይ የጠበቀኝ ጥቂት ነበር። በዚያን ሰሞን ዙር ላይ የነበሩት መጻሕፍት ግን አዲስ አበባና ባሕር ዳር ሰው እጅ ነበሩ። ዛሬም አሉ።

አሁን ወደ ፖስታ ቤቱ። የኢትዮጵያ ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ከ1901 ጀምሮም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ነን። ይህ ሁሉ ዕድሜ ግን መጽሐፉን በርሽ ድረስ ያመጣልሻል ማለት አይደለም። የእኛ ፖስታ የለመደው ሳጥን ነው። «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» እየተባለ አቅጣጫ በሚነገርበት አገር ሌላ ምን ይደረግ። ስለዚህ መጀመሪያ ከስድስታችሁ ማን የፖስታ ሳጥን እንዳለው ቁጠሩ። ምናልባት አንድ ሰው ቢገኝ ነው። ለቀራችሁት የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ሳጥን ይሆናል፣ ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ። አድራሻው ላይ የተቀባይዋን ሙሉ ስም፣ «በእገሌ መሥሪያ ቤት በኩል» ብለሽ የሳጥኑን ቁጥር፣ ከተማውንና ስልኳን ጻፊ። በትልቁ ደግሞ «የግል» በይበት።

«የግል» የምለው ወድጄ አይደለም። አንዴ ለአንድ አባላችን በመሥሪያ ቤቱ ሳጥን የላክነው ልብ ወለድ መዝገብ ቤት ገባ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እንደማንኛውም ደብዳቤ ቀደደችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰማያዊ ማኅተም ተመታበት፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ተሰጠው፣ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «ለሚመለከተው» ተጻፈበትና ፋይል ውስጥ ታሰረ። ወዳጃችን መጽሐፉን ለማውጣት ማመልከቻ መጻፍ ሊኖርበት ነበር። ማኅተሙ አሁንም አለ። ለእኛ የመጽሐፉ ምርጥ ገጽ እሱ ነው።

ስትልኪ በአደራ ላኪው፤ የድሮ ሰዎች ሪኮማንዴ የሚሉት ማለት ነው። በአደራ የሄደ ይመዘገባል፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጥሻል፣ ተቀባይዋም መታወቂያ አሳይታ ፈርማ ትወስዳለች። ደረሰኙን እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመሽ ፎቶ አንሺና ለዳኛዋና ለተቀባይዋ ላኪላቸው። ደረሰኝ ሳይኖር «መጽሐፌ የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ወሬ ብቻ ነው። ሒሳቡ በክብደት ስለሆነ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ትተሽ ስስ ሽፋን ያለውን ብትመርጪ ይሻላል። ታሪፉን እዚያው ጠይቂ።

አስተሻሸጉ ላይ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ፌስታል። አንቺ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሆነሽ ትረሺው ይሆናል እንጂ፣ ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ነው የሚውለው። የተሰጣ ልብስ እንኳ አይደርቅም። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ከፌስታሉ በኋላ ካርቶን። የጫማ ካርቶን ክዳን ይበቃል። ከመጽሐፉ በጣት ሰፋ አድርገሽ ሁለት ቁረጪ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጊ። መጽሐፍ መንገድ ላይ የሚጎዳው ጥጉ ነውና ካርቶኑ ተርፎ መውጣት አለበት። በሲባጎ በመስቀል እሰሪውና ካኪ ፖስታ ውስጥ ክተቺው። ፕላስተሩ ካርቶኑን እንጂ ሽፋኑን እንዳይነካ። የፖስታውን አፍ ቤት አታሽጊ፤ ምን እንዳለበት ከፍተው ሊያዩ ይችላሉ። ፕላስተሩን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ሂጂ። ካርቶኑንና ሲባጎውን ተቀባይዋ እንዳትጥለው ንገሪያት፣ ለቀጣይዋም ይሆናል።

ለኮምቦልቻና ለደሴ ግን ፖስታ ቤት ምን አደከመሽ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ሚኒባስ ሙሉ ቀን ይመላለሳል። ለረዳቱ የሻይ ሰጥተሽ የምትልኪበት ነው። ታርጋውንና የሾፌሩን ስልክ መያዝ አትርሺ፤ ተቀባይዋም ስልኳን ከፍታ መነኻሪያ ትጠብቅ። አንድ ጊዜ የተቀባይዋ ስልክ ጠፍቶ መጽሐፋችን ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ሆኖ ኮምቦልቻና ደሴን ሲመላለስ ሰነበተ። ሲገኝ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። እሱን ዙር ያነበቡት ሰዎች አሁንም ያንን ሽታ ያነሱታል። ውጭ አገር ያለች ጓደኛ ልትገባ ብትፈልግ ግን ከዙሩ ውጪ አድርጓት፤ የራሷን ቅጂ ገዝታ አብራችሁ ታንብብ።

ከመጽሐፉ ጋር አንድ ደብተር ይዙር። ሃምሳ ሉኩ ይበቃል። መጽሐፉ ላይ ማስመር ከፈቀድሽ ደስ ይላል፣ ካልፈቀድሽ ግን ደብተሩ የግድ ነው። ሰው ገጹን ጠቅሶ የተሰማውን ይጽፋል፣ የሚቀጥለው ሥሩ ይመልሳል። በእኛ ደብተር አንዷ ነርስ «እዚህ ጋ ተናድጄ ዘጋሁት። እናትየዋ እንዲህ አትልም» ብላ ጽፋለች። ከሥሯ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር «የእኔ እናት ብላለች» ብሎ መለሰላት። ከሱ ሥር ደግሞ ዳኛችን በቀይ እስክሪብቶ «ሁለታችሁም አንብባችሁ ጨርሱና እንነጋገር» ብለው አርመዋቸዋል። መምህር መቼም መምህር ነው። ለእኔ መጽሐፍ ማዞር ለዚህ ነው። ማንበቡንማ እያንዳንዱ ገዝቶም ያነባል፣ ኪሱ ከቻለ።

ደብተሩ መጀመሪያ ላይ ማን መቼ ተቀብሎ መቼ እንዳሳለፈ የሚሞላበት ሠንጠረዥ አስምሩ። የእኛው ከሠንጠረዡ በላይ ሁለት ነገር ተጽፎበታል። ቄስ አያት ያለው ወዳጃችን ከብራና መጻሕፍት ላይ የሚያውቃትን ግዝት አሰፈራት፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው ነገሩ። የሸህ ልጅ የሆነችው ደግሞ ቀበል አድርጋ «ይህ ወቅፍ ነው፤ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም» አለች። ወቅፍ ለአላህ ብሎ ለዘለቄታው የተሰጠ ንብረት ማለት ነው፤ አባቷ ኪታቦች ላይ እንዲህ ሲጻፍ እያየች ነው ያደገችው። ወሎ ነውና ሁለቱም ባንድ ገጽ ተቀምጠዋል። እዚሁ ቅርባችን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በኖሩበት በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ መጽሐፍ የሚጠበቅ ንብረት ነበር። የኛ ቀልድ ናት፣ ግን ትሠራለች። ሁለቱን አንብቦ መጽሐፉን ያስቀረ እስካሁን የለም።

ይመለስልሽ ወይስ ይሂድ? እሱን አሁኑኑ ወስኚ። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ቡክ ክሮሲንግ የሚባለው መጽሐፍ የማዞር ልማድ ሁለቱንም ለይቶ ያውቃል፤ አንደኛው ዙሩን ጨርሶ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ሌላው እየሄደ ይሄዳል፣ አይመለስም። እኔ ለጀማሪ የሚመለሰውን እመርጣለሁ። መመለሻ ካለው የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። የማይመለስ ከሆነ ከሦስተኛው ሰው በኋላ ማንም አይደውልለትም።

«ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላኩትና ተገላገሉ» ላላችሁት፦ አይሆንም። የገዛሽውን መጽሐፍ ማዋስ ሌላ፣ ማባዛት ሌላ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ይጠብቃል፤ አዋጁን ብንተወው እንኳ የአገራችን ደራሲ ከሚሸጠው ቅጂ ሌላ ምን ገቢ አለው? ደግሞም ስልክ ላይ የወረደ መጽሐፍ ስንቱ ሰው ሲያነበው አይተናል? ወርዶ ይቀመጣል።

ተራውን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። ከደሴዋ ጓደኛሽ ጀምሪ። ቅርብ ስለሆነች ያልተስተካከለ ነገር ካለ ቶሎ ይታያል። ከዚያ ወልድያ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ተመልሶ አንቺ ጋ። መንገድ በሚዘጋጋበት ሰሞን መጽሐፉ ያለበት ይቆይ፤ ዳኛዋ ቀኑን ታራዝመው እንጂ አትላኩት። የወልድያዋ ሳጥን ካጣች በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እዚያ ያለ የዙራችን አባል የመሥሪያ ቤት ሳጥን አለው፣ አስፈቅጄ ቁጥሩን እሰጥሻለሁ። «የግል» የሚለውን ግን በቀይ ጻፉበት።