ፈርነሱ ነው ያረጀው ወይስ ፊልተሩ ነው የቆሸሸው?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ ብዙ ወገኖቻችን የገዟቸው ቤቶች በዕድሜ ይበልጡናል። የጡብ ግድግዳቸው አይነቀነቅም። ማሞቂያቸው (ፈርነሱ) እና ማቀዝቀዣቸው (ኤሲው) ግን ሌላ ጣጣ ነው። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ በ1955 የተሠራ ነው። ኤሲው ይሠራል፤ ቅዝቃዜ ግን የለም። ቤዝመንት ወርጄ ሳይ የመዳቡ ቱቦ በረዶ ለብሷል። የመጣው ቴክኒሽያን ገና ከመግባቱ «ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት» አለኝ። ልፈርም?

መልስ፦ ዛሬ አይፈርሙ። በረዶ የሚሠራው ወይ በማቀዝቀዣው ውስጥ በቂ አየር ሳያልፍ ሲቀር ነው፣ ወይ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ሲቀንስ። የመጀመሪያውን ራስዎ ማጣራት ይችላሉ። ቴርሞስታቱ ላይ ቅዝቃዜውን ያጥፉ፣ ፋኑን ብቻ «ኦን» ላይ ያድርጉትና በረዶው እስኪቀልጥ ይተዉት። ሰዓታት ይፈጃል። ከሥሩ ፎጣ ጣል ያድርጉ።

ከዚያ የአየሩን አቧራ የሚያጣራውን ፊልተር አውጥተው ወደ መብራት ያንሱት። ብርሃን ካላሳለፈ ጥፋተኛው ተገኘ። እኛ ቤት ቁሌቱ አለ፣ በርበሬው አለ፣ ዕጣኑ አለ። ቅባት ያዘለው እንፋሎት ፊልተሩ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «ሦስት ወር» የተባለለት በወሩ ሊደፈን ይችላል። ሲገዙም «ከሁሉ የተሻለው» ብለው ሜርቭ 13 አይምረጡ (ሜርቭ የፊልተሩ የማጣራት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አየር ይበልጥ ይቸገራል)፤ ለአሮጌ ሲስተም ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ሜርቭ 8 ይበቃል። አየር የሚስበው ትልቁ ፍርግርግ ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ እንዳይሆንም ይዩ። ስንት ቤት ገብቼ አይቻለሁ መሰላችሁ!

ሁሉም ንጹህ ሆኖ በረዶው ከተመለሰ ጋዙ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ይህ ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከቀነሰ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ። «በየዓመቱ እየመጣሁ እሞላልዎታለሁ» የሚልዎትን ያሰናብቱት። ውጪ ያለው ማሽን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። የጋዙ ዓይነት አር-22 ከሆነ፣ አዲስ ማምረትም ሆነ ወደ አሜሪካ ማስገባት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ስለተከለከለ ዋጋው አይቀመስም፤ ያኔ መቀየሩ ያዋጣል። አር-410ኤ ከሆነ ግን ቀዳዳው ተፈልጎ ይጠገን። አዲሶቹ ማሽኖች አር-32 ወይም አር-454ቢ ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ የውጪውን ብቻ አዲስ ገዝቶ ከአሮጌው የውስጥ ክፍል ጋር ማጋባት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ዲሲ ውስጥ የገዛነው ሮው ሃውስ በእንፋሎት ራዲያተር ነው የሚሞቀው። ሌሊት ቱቦውን ሰው በመዶሻ የሚመታው ይመስላል። ልጆቹ ፈርተዋል።

መልስ፦ ልጆቹን አረጋጉልኝ፤ ውሃ ነው። ራዲያተራችሁ አንድ ቱቦ ብቻ ካለው፣ እንፋሎቱ የሚወጣውም ውሃ ሆኖ የሚመለሰውም በዚያው ነው። ቤቱ በዘመናት ብዛት ሲሰምጥ ራዲያተሩ ያዘነብልና ውሃው መውጫ አጥቶ ይተኛል። ትኩሱ እንፋሎት እሱን ገፍቶ ሲያላጋው ነው ያ ድምፅ። ውሃ ልክ ራዲያተሩ ላይ አስቀምጡ። ወደ ቫልቩ በኩል ትንሽ ማዘንበል አለበት። ካላዘነበለ ከወዲያኛው እግር ሥር ስስ እንጨት ሸጎጥ አድርጉ። ቫልቩም ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። «ሙቀቱ በዛ» ብሎ ግማሽ ማድረግ ራሱ ያንን ጩኸት ያመጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቤዝመንት ያሉት ቱቦዎች ነጭ፣ ጄሶ የመሰለ ነገር ከተጠቀለለባቸው እንዳትነኩት። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ካልተቀደደና ካልተፈረፈረ እዚያው ቢቀመጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ሳሎን ውስጥ በከሰል ቡና እያፈላች አላርሙ ጮኸ። ባትሪውን አወጣነው። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ነው እንጂ ሁሌ አናደርገውም። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ትልቅ ችግር። ባትሪውን አሁኑኑ ይመልሱ።

«ከሰል አፈነው» ሲባል ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ያ አፋኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። እናቶቻችን ከሰሉ እስኪፋም ውጪ አቆይተው የሚያስገቡት ጢሱ ስለሚጠፋ ነው፤ ጋዙ ግን ከፍሙም ይወጣል። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ በረንዳው አለ። እዚህ በክረምት መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣድ፤ እማማ መጀመሪያ ቅር ይላቸው ይሆናል።

የድምፁንም ልዩነት ይወቁ። ሦስት ሦስት ጊዜ ከጮኸ ጢስ ነው፤ አራት አራት ጊዜ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አልፎ አልፎ አንዴ «ጭው» የሚል ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም አላርሙ ራሱ ዕድሜውን ጨርሷል። አራት ጊዜ ሲጮኽ «ከሰሉ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። የአሮጌ ፈርነስ ወይም የውሃ ማሞቂያ ጭስ ማውጫ ተደፍኖም ሊሆን ይችላል። ሁላችሁም ውጡ፣ ከውጪ ሆናችሁ 911 ደውሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ያለበት ካለ ይንገራቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፈርነሴ ይለኮሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆይና ይጠፋል። ደግሞ ይለኮሳል፣ ይጠፋል። አለቀለት?

መልስ፦ አላለቀለትም ወንድሜ። እሳት መኖሩን የሚያረጋግጥ እንደ እርሳስ የቀጠነች ዘንግ አለች፤ ፍሌም ሴንሰር ይሏታል። ስትቆሽሽ «እሳት የለም» ትልና ጋዙ ይዘጋል። የፈርነሱን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፋ፣ ዘንጓ የታሰረችበትን ብሎን ፍታ፣ በደቃቅ የብረት ሱፍ በስሱ ጠርገህ መልሳት። እጅህ ካልደፈረ ቴክኒሽያን ጥራ፤ አጭር ሥራ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከሸተተህ ግን ምንም ማብሪያ ሳትነካ ውጣ።

ጥያቄ፦ ኮንትራክተር ሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የሚሆን ማሽን) ግዙ፣ መንግሥት 2,000 ዶላር ከታክስ ይመልስላችኋል አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ ነበር። ያ የፌዴራል ታክስ ቅናሽ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚገጠም አይሠራም። የክፍለ ግዛት ወይም የመብራት ኩባንያ ድጎማ ካለ ለብቻው ጠይቁ። ዕቃው ራሱ ጥሩ ነው። ሰውየው ግን የድሮውን ማሽን መጠን ገልብጦ ዋጋ ከሰጣችሁ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ለቤቱ ምን ያህል ማሽን እንደሚበቃ የሚለካውን፣ ማኑዋል ጄ የሚባለውን ስሌት ሠርቶ ያሳያችሁ። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆምና የዚህን አካባቢ የበጋ ወበቅ ሳያደርቀው ይቀራል፤ ቤቱ ቀዝቅዞም እርጥበቱ አይለቀውም። ጣሪያ ሥር ያለውን አቲክ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ቀድማችሁ ካስሸፈናችሁ ደግሞ አነስ ያለ ማሽን ሊበቃችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲሲ ተከራይ ነኝ። ሙቀቱ በባለቤቱ እጅ ነው፣ ቤቱ በረዶ ሆኗል።

መልስ፦ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። በክረምት ቀን ቀን ቢያንስ 68 ፋራናይት፣ ሌሊት 65 መሆን አለበት። ቴርሞሜትር አስቀምጠው ቀንና ሰዓቱ በሚታይ ፎቶ ያንሱት፤ ለባለቤቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይላኩ። ካልሰማ የከተማው የሕንጻዎች መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ እንዲልክ ያመልክቱ። የተከራዮች ጠበቃ ቢሮም በነጻ ያማክራል። ሳያማክሩ ኪራይ አያስቀሩ፤ ለማስወጣት ሰበብ እንዳይሆንብዎት።