ጉድለቱ ማንን ያስከፍላል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣት ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ኮምቦልቻ ጋራዥ የከፈታችሁትም፣ ደሴ ላይ በርና መስኮት የምትበይዱትም ብቅ ስትሉ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ሰዉ ለዋጋችን ብሎ ይመጣል፣ ሥራችንን ግን አያምንም። ስማችንን እንዴት እናድሰው?» ትሉኛላችሁ። ታፔላ ልትቀይሩ ያሰባችሁ አላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ ልታሠሩ ያሰባችሁም አላችሁ። ታፔላውን ቀይሩት፣ የብዙዎቻችሁ ፊደሉ ረግፏል። ስለ ስም ግን የማውቀውን ያስተማረኝ መኪና ነውና የሃዩንዳይን ነገር ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፣ አትደናገሩ።

ሃዩንዳይ ሞተር በ1967 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የተመሠረተ ነው። ፖኒ የተባለችውን መኪና በ1975 ማምረት ሲጀምር ቅርጿን ያወጣለት ጣሊያናዊው ጁጃሮ ነበር፣ ሞተሯም የሚትሱቢሺ። ራሱ የነደፈውን ሞተር ያወጣው በ1991 ነው። እስከዚያ ከሰው እየተማረ፣ ከሰው እየገዛ ቆየ። በዚህ የሚያፍር ካለ ከእናንተ መሀል ነው እንጂ ኮሪያውያኑ አላፈሩም።

በ1986 ኤክሴል የምትባል ትንሽ መኪና ይዞ አሜሪካ ገባ። መነሻ ዋጋዋ 4,995 ዶላር። በዚያው ዓመት 168,882 ተሸጠች፤ እዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ የውጭ መኪና ያን ያህል ሸጦ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ወደ 264,000 ደረሰ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ገበያ የመጣለት ሰው ምን ያደርጋል? ይቸኩላል። መኪናዋ እጅ ላይ ስትሰነብት ጉዷ ወጣ፤ ይበላሻል፣ ይዝጋል፣ የውስጥ ዕቃው ይረግፋል። ባለንብረቱ ሲገዛ ያተረፈውን ገንዘብ ጋራዥ ይዞ መጣ። በ1998 የአሜሪካ ሽያጩ ወደ 90,000 ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የቴሌቪዥን ቀልደኛ፣ ጠፈርተኞችን ማስደንገጥ ከፈለጋችሁ የመንኮራኩራቸው መቆጣጠሪያ ላይ የሃዩንዳይን ምልክት ለጥፉበት አለ። አገር ሳቀ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ሰው የሳቀው መኪናዋ ርካሽ ስለሆነች ይመስላችኋል? ርካሽ ነገርማ ሁሉም ይወዳል፣ ሰኞ ገበያ ወጥታችሁ እዩ። ሰውን ያስመረረው ጉድለቱ በገዢው ኪስ መታረሙ ነው። ፋብሪካው ሸጦ ገንዘቡን ቆጥሯል፣ ሻጩ ኮሚሽኑን ወስዷል፣ ከተበላሸው የማርሽ ሳጥን፣ ከካምቢዮው ጋር የቀረው ገዢው ብቻውን ነው። ሊሸጣት ሲወጣ ደግሞ የሚጠይቀው ጠፋ። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር መኪና የሚገዛ ሰው የባንክ ደብተር እንደሚከፍት ነው የሚያስበው፣ ገና ሳይነዳት «ስትሸጥ ስንት ታወጣለች?» ይላል። ደላላው ቶዮታ ሲባል ዓይኑ የሚበራው ለሞተሩ ፍቅር አድሮበት አይደለም። ጠዋት ገዝቶ ማታ ቢሸጣት ገንዘብ መሆኗን ስለሚያውቅ ነው።

በ1998 መጨረሻ ሃዩንዳይ አሜሪካ ውስጥ አንድ ነገር አደረገ። ለሞተርና ለካምቢዮ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል፣ በእኛ 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሞላ ዋስትና ሰጠ። ያን ጊዜ ብዙው አምራች የሚሰጠው 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነበር። መኪናው በሁሉም አፍ መሳለቂያ በነበረበት ሰዓት ነው ይህን ያለው። ሰምቶ እብደት ነው ያለ ብዙ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ማስታወቂያ ብልሃት ይተርከዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ዋስትናው ሲፈረም ጉድለቱ ባለቤት ቀየረ። በ9ኛው ዓመት ካምቢዮ ቢበላሽ የሚከፍለው ፋብሪካው ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ክፍሉ ሳይቀር ስለ ካምቢዮ መጠየቅ ይጀምራል። የተበላሸ ዕቃ በየሻጩ ተፈትቶ ሲመጣ ምን እንደተሰበረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ከየትኛው ምርት እንደሆነ ይመዘገባል። ድሮ ያ ወሬ በባለንብረቱ እርግማን ውስጥ ተበትኖ ይቀር ነበር፤ አሁን ፋብሪካው እጅ ገባ። «ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። ሥሩ ጋ ለመድረስ የሚያስገድድ ነገር ሲገኝ ነው ወደ ሥሩ የሚወረደው።

በዚያው ሰሞን የኩባንያው ሊቀ መንበር የሆነው የመሥራቹ ልጅ ቹንግ ሞንግ ኩ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የኩባንያውን የጥገና አገልግሎት ድርጅት የመራ ሰው ነበር፤ የተበላሸ መኪና ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያውቃል ማለት ነው። ኡልሳን ያለው ፋብሪካ ሄዶ ኮፈን አስከፈተ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ፣ የተጠላለፈ ቱቦና ቀለሙ የተዘበራረቀ ብሎን አይቶ ተቆጣ እየተባለ ይወራል። ብሎን ቀለሙ ቢለያይ መኪና አይቆምም፣ አውቃለሁ። ግን ኮፈን ሥር እንዲያ የተዝረከረከ ሰው፣ ዓይን በማይደርስበት በሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ቢየላና ኩሽኔታ ጋ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። የጥራት ክፍሉን አጠናከረ፣ ጆሮውንም ሰጠው። ጥራት ተቆጣጣሪ «ይህ አይወጣም» ሲል የሽያጭ ሰው የማይሽረው ከሆነ ነው ተቆጣጣሪ የሚባለው። በእናንተ ጋራዥ ያ ሰው ማነው? ረዳቱ «ጋሼ፣ ይህ ፍሬን ገና አልያዘም» ቢላችሁ ትሰሙታላችሁ ወይስ ደንበኛው ቆሟል ብላችሁ ቁልፉን ትሰጣላችሁ?

ጄዲ ፓወር የሚባል የአሜሪካ ጥናት ድርጅት አዲስ መኪና የገዙ ሰዎችን በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ምን ችግር ገጠማችሁ እያለ ይጠይቃል። በ1998 የኮሪያ መኪኖች ለ100 መኪና 272 ችግር ነበረባቸው። በ2004 ወደ 117 ወረደ፤ በዚያ ዓመት የአሜሪካንም የአውሮፓንም አማካይ ቀደሙ። በ2006 ሃዩንዳይ ከፖርሽና ከሌክሰስ ቀጥሎ 3ኛ ወጣ። ዋጋውን እንደ ፖርሽ ሰቅሎ አይደለም፤ ርካሹን ገበያ ሳይለቅ ነው። ስለዚህ ርካሽ በመባላችሁ አትሸማቀቁ፣ ዋጋ ስለ ጨመራችሁም ጥራት የመጣ አይምሰላችሁ።

ታዲያ መኪናው ሲስተካከል ስሙ አብሮ ተስተካከለ? አልተስተካከለም። ጥናቱ ተስተካክሏል እያለ ሰው ለዓመታት የድሮውን ቀልድ ያወራ ነበር። ልጆቼ፣ ይህን ክፍል በደንብ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ያስተካክላል፣ ስድስት ወር ይጠብቃል፣ ሰፈሩ አሁንም ያማዋል፣ «ለዚህ ሕዝብ ምን ይደረጋል!» ብሎ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሃዩንዳዮች ግን አልተመለሱም። እንዲያውም በ2009 መጀመሪያ፣ ኢኮኖሚው ወድቆ ሰው ከሥራ በሚባረርበት ሰዓት፣ መኪና ገዝታችሁ በዓመት ውስጥ ሥራችሁን ካጣችሁ መልሱልን አሉ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የመኪና ገበያ በ21 በመቶ ሲወርድ የሃዩንዳይ ሽያጭ በ8 በመቶ ጨመረ። ልብ በሉ፣ ብልሃቱ ያው ነው፤ ገዢው የሚፈራውን ነገር ከገዢው ጫንቃ አውርዶ ራሱ ተሸከመው።

ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ብዙ ቦታ የማየው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። መካኒኩ ከመለዋወጫ ሱቅ ኮሚሽን ይቆረጥለታል፤ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር ያገኛል፣ ቶሎ በተበላሸ ቁጥር ደግሞ እንደገና ያገኛል። በጉድለት የሚያተርፍ ሰው ጉድለት እንዴት ይጠላል? እኔ ኮሚሽን ሐራም ነው ብዬ ልፈርድ አልተነሳሁም፣ የእጅ ዋጋ ዝቅተኛ መሆኑንም አውቃለሁ። ግን የእጅ ዋጋችሁን በግልጽ ጨምሩና ኮሚሽኑን ተዉት። ያወጣችሁትን አሮጌ ዕቃ ለደንበኛው ስጡት፣ ይጣለው ይሽጠው የራሱ ጉዳይ ነው።

ዋስትናም ስጡ። ግን በአፍ «አብሽር፣ ችግር የለም» ማለት ዋስትና አይደለም። ወረቀት ላይ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ንባብ፣ የተሠራው ሥራ፣ እስከ መቼ እንደምትሸከሙት ይጻፍ። መጠኑን ደግሞ ለክታችሁ ስጡ። የሃዩንዳይ 10 ዓመት እንኳ ለሁሉም ነገር አልነበረም፤ ለሞተርና ለካምቢዮ፣ ያውም ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነበር፤ ሌላው ክፍል 5 ዓመት ነው። እናንተም ዕቃውን ራሳችሁ መርጣችሁ ከገዛችሁት ዕቃውንም ሥራውንም ተሸከሙ። ደንበኛው ከገበያ ኮፒ ገዝቶ ካመጣ እጃችሁን ብቻ ዋሱለት፣ ይህንንም ሳትፈቱት በፊት ንገሩት። ፍሪሲዮን ቀይራችሁ ለሦስት ወር መዋስ ከፈራችሁ፣ ፍርሃቱ የሚነግራችሁ ነገር አለ፤ ሥራው ላይ የምትጠረጥሩት ቦታ አለ ማለት ነው።

በዋስትና ተመልሶ የመጣውን ሁሉ ለብቻው ደብተር ላይ መዝግቡ። ደብተሩ ሲሞላ የማን እጅ፣ የየትኛው ሱቅ ዕቃ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚመለስ ራሱ ይናገራል። እኛ ደግሞ ፈረንጅ በብዙ ገንዘብ የማያገኘው መፈተኛ አለን። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሙቀት ያለበት ሞተር መሀል መንገድ ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ ይናዘዛል፤ ደካማ ፍሬን ደግሞ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ይሸታል። ራዲያተር ነክታችሁ በግቢ ውስጥ አስነስታችሁ «አለቀ» አትበሉ፣ ዳገቱን አስወጧት። ፍሬን ከሆነ ግን መጀመሪያ ሜዳ ላይ አረጋግጡ፣ ከዚያ ነው ቁልቁለት።

ሃዩንዳይን እንደ መልአክ እንዳታዩት የኋላውንም ልንገራችሁ። ቴታ ሁለት የሚባለው ሞተሩ በፋብሪካ ሲሞረድ የቀረ የብረት ፍርፋሪ የዘይቱን መንገድ እየዘጋ የቢየላውን ኩሽኔታ ያቃጥል ነበር፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ይነክስና ይቆማል። በ2015 ወደ 470,000 የሚሆኑ ሶናታዎች ተጠሩ፣ ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። ጥሪው ዘግይቷል፣ አልበቃም ብሎ ለባለሥልጣን የተናገረው በጥራት ክፍሉ ለረጅም ዓመታት የሠራ የራሱ መሐንዲስ ነው። ሰውየው ከሥራው ተባረረ። በ2020 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሃዩንዳይና እህት ኩባንያው ኪያ ላይ በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት አስፈረመ፤ በማግስቱ ዓመት ለዚያ መሐንዲስ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸለመው። ያ ሁሉ የዓመታት ድካም ያፈራው ስም የውስጥን ሰው ድምፅ አልሰማም ሲል እንደገና ተጎዳ። በመሀላችሁ «ይህ ትክክል አይደለም» የሚል ልጅ ካለ፣ ነገረኛ ነው ብላችሁ አታባርሩት። ደመወዝ ጨምሩለት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፣ አብዛኛውም የቻይና። ሰዉ «የቻይና ነው» ብሎ ከንፈሩን ሲመጥጥ እሰማለሁ፣ ያኔ አሜሪካ ስለ ኮሪያ እንዳለው ማለት ነው። አንዳንዱ መኪና ንቀቱ ይገባው ይሆናል፣ አንዳንዱ አይገባውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በወሬ አይደለም፤ ስለዚህ ከአሁኑ እየመዘገባችሁ ያዙ፣ ባትሪው ሐረጎን ወጥቶ ስንት በመቶ እንደቀረው፣ ቁልቁል ሲወርድ ስንት እንደመለሰ፣ የትኛው ዕቃ ቀድሞ እንደተበላሸ። ከፍተኛ ቮልቴጁን ግን ሳትሠለጥኑ አትንኩ፣ ይገድላል።

የዋስትናውን ወረቀት አጻጻፍ ማየት የሚፈልግ እኔ ዘንድ ይምጣ፣ ናሙና አለኝ። ጁምዓ ከሰዓት ግን አታገኙኝም።