«ስንት ዓመት ለምነን ያገኘነው ልጅ ጀርባው ክፍት ነው ተባልን»

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆነን። ልጅ ብለን ያልሄድንበት የለም፣ ጠበሉም ሐኪሙም። በመጨረሻ የእሱ የዘር ፍሬ ቁጥር አነስተኛ ነው ተባለና ተበድረን አይቪኤፍ (ከማህፀን ውጭ በሐኪም የሚደረግ ፅንስ) አስደረግን። አረገዝኩ። አሁን አምስተኛ ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ስነሳ የልጁ ጀርባ ላይ ክፍተት አለ፣ ጭንቅላቱም ውሃ መቋጠር ጀምሯል፣ ስፓይና ቢፊዳ ነው አሉን። ከዚያ ወዲህ ባሌ አይናገርም። የአልትራሳውንዱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። አማቴ ደግሞ «በሐኪም እጅ የተሠራ ልጅ መጨረሻው ይሄው ነው» አሉኝ። እውነት እኔ ነኝ ያመጣሁበት? ምን ላድርግ?
ጭንቅ ላይ ያለሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ አላመጣሽበትም። የፅንስ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። አይቪኤፍ ሰምተው በማያውቁ እናቶች ልጆች ላይም ይኸው ችግር በብዛት ይታያል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ፎሊክ አሲድ የሚባለው የቫይታሚን ዓይነት እጥረት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ የወጣውም ችግሩ የብዙ ቤት ስለሆነ ነው። አማትሽ ያሉት ያማል፣ ግን እውነት አይደለም።

አሁን በፅንስ ምርመራ የሠለጠነ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ በድጋሚ ታዩ። ክፍተቱ ያለው የአከርካሪው የትኛው ቦታ ላይ ነው? እግሩን ያንቀሳቅሳል? ሌላ የተጎዳ አካል አለ? እነዚህን ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። ክፍተቱ ወደ ታች በሆነ ቁጥር ልጁ የመራመድ ዕድሉ ይጨምራል። ብዙዎቹ ይማራሉ፣ ያድጋሉ። ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ግን ለብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ፈተና ነው፣ ይሄን ልደብቅሽ አልፈልግም። ጀርባው ከተወለደ በኋላ ቶሎ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢዘጋ ይመረጣል፤ የጭንቅላቱን ውሃ የሚያፈስ ቀጭን ቱቦም ሊገባለት ይችላል። ስለዚህ እርግዝናው ከቀጠለ የምትወልጂበት ቦታ ወሳኝ ነው። እንደ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ያሉ የሕፃናት ነርቭ ቀዶ ሕክምና ያለባቸውን ሆስፒታሎች ከወዲሁ አነጋግሩ።

ሐኪሙ ሌላም ነገር ሊያነሳ ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት እርግዝና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ይሄን የነገርኩሽ ወዲያም ወዲህም ልገፋሽ ሳይሆን ድንገት ስትሰሚው እንዳትደነግጪ ነው። ውሳኔው የሁለታችሁ ነው፤ የአማትሽ አይደለም፣ የጎረቤትም አይደለም፣ የእኔም አይደለም።

ወደፊት ሌላ እርግዝና ካሰባችሁ ደግሞ ከመፀነስሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመሽ ከፍ ያለ መጠን ያለው ፎሊክ አሲድ በሐኪም ትዕዛዝ ጀምሪ። ለሌላው ሰው በቀን የሚበቃው 0.4 ሚሊ ግራም፣ ችግሩ አንዴ ስላጋጠመሽ፣ ለአንቺ አይበቃም።

ባልሽን በተመለከተ፣ ያንን ወረቀት ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ነገሩን ችላ ያለ ሰው አይደለም። ምናልባት የዘር ፍሬ ነገር ከተነሳ ጀምሮ ጥፋቱን በራሱ ላይ ቆልሎ ይሆናል። «ለምን ዝም ትላለህ» አትበይው። «ወረቀቱን አውጣውና አብረን እንየው፣ የምንጠይቀውንም አብረን እንጻፍ» በይው። ለእናቱም መልስ መስጠት ያለበት እሱ ነው።