ከቤቴ ሥር ሐይቅ አለ እንዴ?

ልጆች፣ አንቱ እንዳትሉኝ፣ ድሬ ነን። ስለ ውሃ የሚያስረዳ ሥዕል የምትሠሩ መብዛታችሁን አይቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ዛሬ የራሴን ጥፋት ነው የምነግራችሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ለቀበሌ ስብሰባ የከርሰ ምድር ውሃ ሥዕል ይዤ ሄድኩ። ከላይ ቤቶች፣ ቀጥሎ አፈርና ድንጋይ፣ ከሥር ደግሞ ወፍራም ሰማያዊ ቀለም። አምሮልኝ ነበር። አንዲት እናት ተነሱና «አንተ ልጅ፣ ከቤቴ ሥር ይሄን የሚያህል ሐይቅ ካለ እኔ ጀሪካን ይዤ የምሰለፈው ለምንድነው?» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የምመልሰው ጠፋኝ። እሳቸው ሥዕሉን በትክክል ነው ያነበቡት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከተማችንን አቋርጦ ወደሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ወርጄ በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ደረቅ አሸዋ ሞላሁ፣ ከዚያ ውሃ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩበት። ጢም ብሎ የሞላ የመሰለው ጠርሙስ የይዘቱን ሲሶ ያህል ውሃ ጠጣ! ውሃው ያለው በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል ነው። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊውን በቅንጣቶቹ መሃል ብቻ ነው የማስገባው። ሥዕሉ ላይ ሽንት ቤትም እጨምራለሁ፤ ስለ ናይትሬት፣ ከሽንት ቤት ወደ ውሃ ስለሚገባው በካይ፣ አንድ ሰዓት ከምታወሩ፣ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወደ ውሃው ጉድጓድ የሚወርደውን መንገድ ሰው በዓይኑ ይየው።

ጎርፉ ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው በላ። አብዛኛውን ጊዜ እኮ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደጋው ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ሊሞላ ይችላል። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሥዕል ስትሠሩ ደመናውን ከተማው ላይ ትሰቅሉታላችሁ? አቦ፣ ድሬ ላይ ኮከብ ሳሉ፣ ደመናውን ወደ ደንገጎ፣ ወደ ደጋው ውሰዱት!

ስትጨርሱ ለባልደረባችሁ አታሳዩ፣ እሱ ያውቀዋል። እኔ የማሳየው ከቤቴ ፊት ለፊት ሻይ ለምትሸጠው ልጅ ነው። ምንም አልነግራትም፣ «ምን ይታይሻል?» ብቻ። ባለፈው የውሃውን መንገድ እንዲያሳይ የሳልኩትን ቀስት አይታ «ውሃው ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?» አለችኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ቀስቱን ፋቅኩት።