ትርጓሜውን አውቀዋለሁ፣ ፕሮግራሙን ግን መጻፍ አቃተኝ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አምና በሲ ፕላስ ፕላስ የተሰጠንን የፕሮግራሚንግ መግቢያ በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። ዘንድሮ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግን በጃቫ እየተማርን ነው። ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ)፣ ኦብጀክት (በንድፉ መሠረት የሚፈጠረው ነገር)፣ ኢንካፕሱሌሽን (የኦብጀክቱን መረጃ ከውጭ መከለል) እና ኢንኸሪታንስ (አንድ ክላስ ከሌላው መውረሱ) ምን እንደሆኑ ብጠየቅ በትክክል እመልሳለሁ፤ ላብ ውስጥ የባንክ ሂሳብ ፕሮግራም ጻፍ ስባል ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ይገባኛል። ደግሞም አንዱን ሂሳብ ወደ ሌላ ቫሪያብል (እሴት የሚያዝበት ስም) ገልብጬ ከቅጂው ገንዘብ ሳወጣ ዋናውም አብሮ ይቀንሳል። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብንነሳ ይሻላል፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመነጨው ከዚያ ነውና። በጃቫ «ኒው» በሚለው ትእዛዝ ኦብጀክት ሲፈጠር፣ ቫሪያብሉ የሚይዘው ኦብጀክቱን ራሱን ሳይሆን ወደ ኦብጀክቱ የሚያመለክተውን ሪፈረንስ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሀ» 1,000 ብር ያለበትን ሂሳብ ቢያመለክትና «ለ = ሀ» ብለው ቢጽፉ፣ የተገለበጠው ሪፈረንሱ እንጂ ሂሳቡ አይደለም፤ በ«ለ» በኩል 300 ብር ወጪ ተደርጎ «ሀ» ሲጠየቅ 700 የሚመልሰው ሂሳቡ ድሮውንም አንድ ስለነበረ ነው። አምና በተማሩት ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ተራ ቫሪያብል ኦብጀክቱን ራሱን ስለሚይዝ፣ ይኸው መስመር ይዘቱን ይገለብጣል። እንግዲህ ያሳሳተዎት ስንፍና ሳይሆን በአንዱ ቋንቋ ትክክል የነበረ ልማድ ነው። ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች ከፈለጉ «ኒው» ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት።

ይህን የጨበጠ ተማሪ ሌላም ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ፊደላቸው አንድ የሆኑ ሁለት ስትሪንጎች (ጽሑፎች) በድርብ የእኩል ምልክት ሲነጻጸሩ አንዳንዴ «ፎልስ» (ሐሰት) የሚመጣው፣ ምልክቱ የሚጠይቀው አንድ ኦብጀክት መሆናቸውን ስለሆነ ነው፤ ይዘትን ለማነጻጸር «ኢኩዋልስ» የተባለው ሜተድ (ኦብጀክቱ የሚያከናውነው ተግባር) አለ። ተማሪን ሁሉ የሚያስጨንቀው «ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን» የተባለው ስህተትም ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው፣ ምንም ኦብጀክት በማያመለክት ቫሪያብል ሜተድ ለመጥራት ሲሞከር ነው። ወረቀት ይውሰዱና ቫሪያብሎቹን በግራ፣ ኦብጀክቶቹን በቀኝ ይሳሉ፤ ከቫሪያብሉ ወደሚያመለክተው ኦብጀክት ቀስት ያድርጉና፣ እያንዳንዱ የኮድ መስመር ቀስቱን ወዴት እንደሚያዞረው ይከታተሉ።

ከየት ልጀምር ላሉት ደግሞ፣ ክላሱን ከመጻፍዎ በፊት አጠቃቀሙን ይጻፉ እላለሁ፤ ማለትም ፕሮግራሙ ሥራ በሚጀምርበት «ሜይን» ውስጥ ሁለት ሂሳብ የሚከፍቱ፣ ከአንዱ ወጪ የሚያደርጉና የሁለቱንም ቀሪ የሚያሳዩ ጥቂት መስመሮች። ክላሱ ምን ምን ሜተድ እንደሚያስፈልገው ከእነዚሁ መስመሮች ይታያል። ቀጥሎ በሂሳቡ ላይ ፈጽሞ መድረስ የሌለበትን ነገር ይጠይቁ፦ ቀሪው ከዜሮ በታች መውረድ የለበትም። ቀሪውን «ፕራይቬት» (ከክላሱ ውጭ በቀጥታ የማይነካ) የምናደርገው ለዚህ ነው። ብዙ ተማሪዎች ግን «ፕራይቬት» ብለው ጽፈው፣ ወዲያው ማንም ሰው ኔጌቲቭ 500 ሊያስገባበት የሚችል «ሴተር» (እሴቱን የሚቀይር ሜተድ) ይጨምሩበታል፤ ያኔ ጥበቃው የስም ብቻ ይሆናል። ትርጓሜው ከዚህ ልምምድ በፊት መሰጠቱ፣ በእኔ እምነት፣ የትምህርቱ ድክመት ነው።

ኢንኸሪታንስን ለማስገባት አይቸኩሉ። የቁጠባ ሂሳብ የሂሳብ ዓይነት ስለሆነ ከሂሳብ ክላስ ሊወርስ ይችላል፤ ደንበኛ ግን ሂሳብ አለው እንጂ ሂሳብ አይደለምና፣ በደንበኛ ክላስ ውስጥ ሂሳቡን እንደ አንድ ፊልድ (በክላሱ ውስጥ እንደሚያዝ መረጃ) ማስቀመጥ ይበቃል።