የግንባታ ሙያ ለምትጀምሩ፦ ከሁሉ በፊት ልክ

ውድ ልጆቼ፣

የግንባታ ሥልጠና ልትገቡ ስትሉ ሁላችሁም የምትጠይቁት አንድ ነው፤ «የቱ ሙያ ይሻላል? ግንበኝነት፣ አናጺነት፣ ፌሮ (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት)፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ?» ጥያቄው አይከፋም፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ብዙ ለውጥ አያመጣም። ሁሉም የሚነሱት ከልክ ነው። መለካትና የለካውን መልሶ ማረጋገጥ የለመደ ረዳት ቶሎ ባለሙያ ይሆናል፤ ጉልበቱን ብቻ ይዞ የገባ ዓመታት ቆይቶም አቀባይ ነው።

ከሜትራችሁ ጀምሩ። ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ብዙ ጀማሪ ተበላሸች ብሎ በመዶሻ ቀጥቅጦ ያጠብቃታል። ሆን ተብሎ ነው እኮ የላላችው፤ የምትንቀሳቀሰው በራሷ ውፍረት ልክ ነው። ከውጭ አንጠልጥላችሁ ስትስቡ ትወጣለች፣ ግድግዳ ላይ ስትገፏት ትገባለች፣ በሁለቱም ልኩ ትክክል ይመጣል። ውሃ ልክም በጭፍን አይታመንም። አስቀምጡትና አረፋው የት እንደቆመ እዩ፤ ከዚያ ጫፍና ጫፉን አዙራችሁ እዚያው ቦታ መልሱት። አረፋው ወደ ሌላ ወገን ከሄደ የተጣመመው ግድግዳው ሳይሆን መሣሪያው ነው።

ማዕዘን ስታወጡ በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርጉ፤ በምልክቶቹ መካከል 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ቦታ ካለ 6፣ 8 እና 10 ይሻላል። አራቱም ማዕዘን ሲያልቅ ከማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፤ እኩል መሆን አለባቸው። በ1 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ የሳተ መስመር 10 ሜትር ሲደርስ 10 ሴንቲ ይስታል። ጥፋቱ ፍጥጥ ብሎ የሚታየው ደግሞ ሴራሚክ ሲነጠፍ ነው፤ ያን ጊዜ የሚወቀሰው ምስኪኑ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ከፕላን ላይ ልክ ስትወስዱ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ እንጂ በማስመሪያ አትለኩ፤ ወረቀት ሲባዛ ያንሳል፣ ይበልጣል።

አሁን ወደ ኮንክሪት፤ ጀማሪ ብዙ የሚውለው እዚህ ነው። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘቱ 35 ሊትር ገደማ ነው። 1 ለ 2 ለ 3 ሲባል እንግዲህ ለአንድ ከረጢት 70 ሊትር አሸዋና 105 ሊትር ጠጠር ማለት ነው። ስፋቱ 40 በ35፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ የሆነ ሳጥን ልክ 35 ሊትር ይይዛል፤ ሞልታችሁ አናቱን በጣውላ ጥረጉ። በአካፋ ቆጥሮ ማቡካት አያዋጣም፤ የጠዋት አካፋና የከሰዓት አካፋ አንድ አይደለም። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ያብጣል፤ ይዘቱ በሩብ ያህል ሊጨምር ስለሚችል ሳጥኑ ሞልቶም ውስጡ ያለው አሸዋ ያንሳል።

ሥራ የሚበላሸው ግን ውሃው ላይ ነው። የውሃው ክብደት የሲሚንቶው ግማሽ ይሁን ከተባለ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ነው፤ አሸዋው የያዘው እርጥበት ከዚሁ ይቀነሳል። ሲሚንቶው ራሱ ለመጠንከር የሚፈልገው ከክብደቱ ሩብ ገደማ ነው። ቀሪው ለአሠራር እንዲመች የሚገባ ነው፤ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ኮንክሪቱም በዚያው ልክ ይደክማል። «ከብዷል፣ አንድ ባልዲ ጨምርበት» የሚል አይጠፋም። ለፎርማኑ ሳትነግሩ አትጨምሩ። ሲጠነክር ደግሞ ውሃ አትንፈጉት፤ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ ይቆይ። ጠዋት ረጭቶ እስከ ማታ መተው ቀኑን ሙሉ ያደርቀዋል፤ እርጥብ ጆንያ ይሸፈንበት። ኮንክሪት ጥንካሬው ደረሰ አልደረሰ የሚባለው በ28ኛው ቀን ነው።

ስለ ፌሮ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝታችሁ ለ162 ስታካፍሉ የአንድ ሜትሩ ክብደት በኪሎ ይመጣል። የ12ቱ 0.89 ገደማ ነው። ሚዛን ላይ በጣም ካነሰ ብረቱ ከተባለው የቀጠነ ነው።

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ክፋቱ መጀመሪያ ላይ አያምም። ተንበርክከው ሲሠሩ ሱሪ የጠጣው ማልታ (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) እስከ ማታ ጉልበትን ይልጣል። ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ፣ ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ። መሰላል 4 ሜትር ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1 ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ስለዚህ ጎኑ ያልተደገፈ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ አለቃም ቢያዝ፣ አትግቡ። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ይራቅ።

ማሠልጠኛ ስትመርጡ ከምስክር ወረቀቱ በፊት የተግባር ክፍሉን ለማየት ጠይቁ። ሠልጣኞች የገነቡት፣ ፈርሶ ደግሞ የተገነባ ግድግዳ አለ? ከሳምንቱ ስንት ሰዓት እጃቸው መሣሪያ ይይዛል? አንድ ቱምቢ (ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይበት፣ በክር የሚንጠለጠል ክብደት) ለስንት ሰው ነው? ከሰዓቱ ግማሽ እንኳ ተግባር ከሌለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ጥሩ ግንበኛ ዘንድ በረዳትነት ግቡ፤ ሲያርፍ ሲባጎውን እንድትወጥሩ ለምኑት።